የቫይረሱ መጠን ሲለካ የሚቀረው ምርመራ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ጋዜጣችሁ ስለ ኤች አይ ቪ የሚያወጣቸውን ጽሑፎች አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። መድኃኒትን ሳያቋርጡ ስለመውሰድ፣ ስለ መገለል፣ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ስለሚደረገው ጥንቃቄ ብዙ ተጽፏል፤ መልካም ነው። ሆኖም ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ስለሚይዟቸው ሌሎች የአባላዘር በሽታዎች፣ በተለይም ስለ ቂጥኝ፣ አንድ ዐምድ እንኳ ሲወጣ ስላላየሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ኮምቦልቻ ተቀምጬ ደሴ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ላለፉት 19 ዓመታት ጠዋት የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ፣ ማታ እየወረድሁ ኖሬአለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የምጽፈው ከአንዲት ጠባብ መስኮት ያየሁትን ብቻ ነው። በዚያች መስኮት የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ይገባል፣ የውጤት ወረቀት ይወጣል። ሰውን ከፊቱ ይልቅ በወረቀቱ ማወቅ የሥራችን ጠባይ ነው።

ያስጻፈኝም ይኸው ወረቀት ነው። ከነፍሰ ጡሮች ክትትል ክፍል በሚመጣው መጠየቂያ ላይ የቂጥኝ ምርመራ ሁልጊዜ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል፤ ነርሷ ብትረሳ እንኳ እኛው አስታውሰን እንመልሳለን። ከኤአርቲ፣ ማለትም ከፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና፣ ክፍል በሚመጣው ወረቀት ላይ ግን የቫይረስ መጠን አለ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አንዳንዴ ይኖራል፣ የቂጥኙ ሳጥን ባዶ ነው። ከዓመት ዓመት ባዶ ነው። መመሪያው ምን ይላል የሚለውን ክርክር ለሚመለከታቸው ልተወውና፣ እኔ የምናገረው እጄ ላይ ስለሚደርሰው ወረቀት ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አርባዎቹን ያጋመሰ አንድ ነጋዴ ወደ መስኮቴ መጣ። መድኃኒቱን ከስምንት ዓመት በላይ አንድ ቀን ሳያዛንፍ የወሰደ፣ የቫይረሱ መጠን ለዓመታት «አይታይም» እየተባለ የሚመለስለት፣ በክፍሉ ለሌሎች ምሳሌ ተደርጎ የሚጠራ ሰው ነበር። ደረቱና ጀርባው ላይ ሽፍታ ወጥቶበት መጀመሪያ የመድኃኒቱ አለርጂ ነው ተባለ፤ ቅባት ከፋርማሲ ገዛ፣ ጠበልም ሞከረ፣ በመጨረሻ አንድ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ደረሰና የቂጥኝ ምርመራ ታዘዘለት። እኛ ዘንድ የሚሠራው አርፒአር የተባለው ምርመራ ነው። ሠራሁት፤ ውጤቱ ነን ሪአክቲቭ፣ ማለትም ምንም የለም፣ ሆነ። ወረቀቱን ማኅተም መትቼ አቀበልሁት። ሊቀበለኝ እጁን በመስኮቱ ሲያስገባ መዳፉ ወደ ላይ ዞሮ ነበርና ነሐስ የመሰሉ፣ የማያሳክኩ፣ ክብ ክብ ነጠብጣቦች በመዳፉ ሙሉ አየሁ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ይመልሱልኝ» አልሁት።

እዚህ ላይ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የተደበቀው እዚያ ነው። ከተጣራው የደም ፈሳሽ አንድ ጠብታ ነጭ ካርድ ላይ በክብ ይዘረጋል፤ በላዩ ደቃቅ የከሰል ቅንጣት የተቀላቀለበት ሪአጀንት፣ ማለትም መመርመሪያ ፈሳሽ፣ ይንጠባጠብበትና ካርዱ ሮቴተር በሚባል ማዞሪያ መሣሪያ ላይ በደቂቃ 100 ጊዜ እየዞረ ለ8 ደቂቃ ይቆያል። ሰውየው ቂጥኝ ከሌለበት ፈሳሹ እንደ አመድ ውኃ ለስልሶ ይቀራል፤ ካለበት ቅንጣቶቹ ተሰባስበው እንደ ቡና አተላ ይታያሉ። ዳሩ ግን በሰውነቱ የተፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል እጅግ ሲበዛ ብዛቱ ራሱ ውጤቱን ይጋርደዋል፤ አተላው አይታይም። ይህ ነገር ሽፍታ በሚወጣበት በሁለተኛው የቂጥኝ ደረጃ ላይ ባሉና ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች የታወቀ ነው። መፍትሔው ደሙን በጨው ውኃ እያቀጠኑ ደግሞ መሥራት ነው። አቀጠንሁት። በ1 ለ 2 ጥቂት ተንቀሳቀሰ፣ በ1 ለ 8 አተላው ግልጽ ብሎ ወጣ፣ እስከ 1 ለ 128 ድረስም አልጠፋም። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ መጠን በደሙ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ብዙ ነው ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር መዳፉን ባላይ ኖሮ ሰውየው «ነጻ ነህ» ተብሎ ወደ ሱቁ ይመለስ ነበር። ስንት መዳፍ ሳላይ አሳልፌ ይሆን? የደሴ ብርድ ደግሞ አለ። ሪአጀንቱ ከፍሪጅ ወጥቶ፣ ክፍሉም ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሙቀት ኖሮት መሠራት ሲገባው፣ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ማሞቂያ በሌለበት ክፍል የሚሠራ ምርመራ ደካማውን ውጤት ሳያሳይ ሊያስቀር ይችላል። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ችግር የለም፤ ወዳጆቼ በዚህ ይቀልዱብኛል። እኔ ካርዱንና ሪአጀንቱን ፀሐይ እስክትሞቅ፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ፣ አስቀምጬ መሥራት ከለመድሁ ቆይቻለሁ፤ ይህ ግን በአንድ ሰው ልማድ የሚታለፍ ነገር መሆን አልነበረበትም።

ሰውየው ሕክምናውን ጀምሮ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ የጠየቀኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ዶክተር፣ የኔ ቫይረስ አይታይም ተብሎ የለም ወይ? ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» አለኝ። ዶክተር አለመሆኔን ነግሬው ያወቅሁትን ያህል አስረዳሁት። የቫይረሱ መጠን በደም ውስጥ የማይታይ ሰው ኤች አይ ቪን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ትልቅ የምሥራች ነው፣ ለብዙ ትዳርም እፎይታ ሆኗል። ነገር ግን «አይታይም» የተባለው ኤች አይ ቪ ብቻ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ቂጥኝን አይነካም፣ ጨብጥን አይነካም፣ ክላሚዲያንም ሆነ ከርክርን አይነካም። ምሥራቹን ስንናገር ይህችን ግማሽ ዐረፍተ ነገር ጨምረን ባለመናገራችን፣ ኮንዶም የተወው ሰው ሁሉ ከሁሉም በሽታ የተጠበቀ መስሎታል። በእርሱ አልፈርድም፤ ያልነገርነው እኛ ነን።

ሚስቱም ተጠርታ ተመረመረች። እርሷም የኤአርቲ ተከታታይ ናት፤ ሽፍታ የላት፣ ቁስል የላት፣ አንዳች የሚያማት ነገር አልነበረም። ውጤቷ 1 ለ 32 ነበር። የቆዩ ወረቀቶቿን መዝገብ ገልጬ ስመለከት በየዓመቱ ደም ሰጥታለች፣ በየዓመቱ የቫይረስ መጠኗ ተለክቷል፣ የቂጥኝ ሳጥኗ በየዓመቱ ባዶ ነበር።

የቂጥኝ ተንኮሉ ይኸው ነው። ተሕዋሲው ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ገደማ የሚወጣው የመጀመሪያው ቁስል አያምም፤ በሴት ላይ ማህፀን በር ድረስ ተደብቆ ሊወጣና ሳይታወቅ ሊደርቅ ይችላል። ሽፍታውም ቢሆን ሳይታከም ራሱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱን ሰው እንደ መዳን ይቆጥረዋል። ልብን፣ የደም ሥርን፣ አንጎልን የሚያጠቃው ግን ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ነርቭን፣ ዓይንንና ጆሮን ገና በጊዜ ሊነካ ስለሚችል፣ ዓይኔ በድንገት ደበዘዘብኝ ወይም ጆሮዬ ጮኸብኝ የሚል የኤአርቲ ተከታታይ ወደ መነጽር ቤት ከመላኩ በፊት የቂጥኝ ምርመራ ቢታዘዝለት አይበዛበትም። ሳይታከም የቆየ ቂጥኝ የሰውነትን መከላከያ ኃይል የሚያሳየውን የሲዲ ፎር ቁጥር ለጊዜው ዝቅ፣ የቫይረሱን መጠን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችልም ይታወቃል። ኤች አይ ቪ በሌለበት ሰው በኩል ስናየው ደግሞ ቁስሉ ለቫይረሱ የተከፈተ በር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 በዓለም ላይ 8 ሚሊዮን ያህል ጎልማሶች በቂጥኝ እንደተያዙ ገምቷል። እዚህ ብዙ ሰው «ቂጥኝ እኮ ድሮ የጠፋ በሽታ ነው» ሲል እሰማለሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ሁላችንም የለመድነው «ወሸባ» የሚለው ቃል፣ ከአዛውንቶች እንደሰማሁት፣ በጥንቱ ዘመን የቂጥኝ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሰው ተለይቶ የሚቀመጥበት ነበር። ቃሉን ከመሳቢያ አውጥተን ለሌላ በሽታ ስንሰጠው፣ የቃሉ ባለቤት የነበረው በሽታ እንዳልሄደ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

ስለ ነፍሰ ጡሮች ቀደም ብዬ መልካም ተናግሬአለሁ፤ እዚያም ቢሆን አንዲት ቀዳዳ አለች። አሁን አሁን በአንድ ጠብታ ደም ኤች አይ ቪንም ቂጥኝንም በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ጥምር ፈጣን መመርመሪያ አለ፤ ግሩም ነገር ነው። ነገር ግን ኤች አይ ቪ እንዳለባት የታወቀችና መድኃኒት የጀመረች እናት በጥምሩ መመርመሪያ መመርመር የለባትም፤ የኤች አይ ቪው ምርመራ ለእርሷ አያስፈልግም፣ መድኃኒት ላይ ስላለችም ግራ የሚያጋባ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ለእርሷ የቂጥኝ ብቻ የሆነው መመርመሪያ ወይም አርፒአር መሠራት አለበት። መደርደሪያው ላይ ጥምሩ ብቻ ባለበት ቀን ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ «ይቺ የታወቀች ናት» ተብላ ሳትመረመር ታልፋለች። ከሁሉ በላይ መመርመር የሚገባት እናት ሳትመረመር የምትቀረው እንዲህ ነው። ሕክምናው ከመውለጃዋ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ሲሰጥ ልጁን ይጠብቃል፤ ሳይሰጥ ሲቀር ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ፣ ወይም ከቂጥኝ ጋር መወለድ ሊከተል ይችላል። ለነፍሰ ጡር ከፔኒሲሊን ሌላ የተረጋገጠ አማራጭ የለም።

ጨብጥና ክላሚዲያን በተመለከተ ከመስኮቴ ብዙ አላይም፤ የአገራችን አሠራር በአብዛኛው ምልክትን አይቶ ማከም ስለሆነ ወደ ላቦራቶሪ የሚመጣው ጥቂት ነው። ምልክት ላለው ወንድ አሠራሩ ይሠራል። ነገር ግን ጨብጥም ሆነ ክላሚዲያ ያለባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለማይታይባት፣ ምልክት የሚጠብቅ አሠራር እርሷን አያገኛትም። ሌላው ነገር ፋርማሲ ነው። ፈሳሽ ያየ ሰው በር ላይ ቆሞ «ሲፕሮ ስጠኝ» ይላል፣ ይህ ፀረ ባክቴሪያ ኪኒን ይሰጠዋል። ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደው ቆይቷል፤ ቂጥኝን ደግሞ ሲፕሮ ከነጭራሹ አይነካውም። ሰውየው ታክሜአለሁ ብሎ ቤቱ ይገባል።

የኤአርቲ ክፍል ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ደግሞም ሌላ ሲጠየቁ መሥራት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ተከታታዩ በመጣ ቁጥር ለሳንባ ነቀርሳ አራቱ ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፦ ሳል አለ ወይ፣ ትኩሳት አለ ወይ፣ ሌሊት ያልብሃል ወይ፣ ክብደት ቀንሰሃል ወይ። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ስለሆነ ቅድመ ምርመራው ከኤአርቲው ጋር ተያይዞ እንዲሠራ ተደርጓል። እነዚህ ሁለቱ ገብተው ቂጥኝ የቀረው ስለሚያሳፍር ይመስለኛል። ሳል አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ባለ ትዳሩን፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው የሆነውን «ቁስል ወጥቶብህ ያውቃል?» ማለት ግን ለጠያቂውም ይከብዳል። ሰዉም ነገሩን የጅቡቲ መስመር ሾፌርና የቡና ቤት ሴት በሽታ አድርጎ ለሌላ ይሰጠዋል። እኔ የማያቸው ሪአክቲቭ ወረቀቶች ግን የመምህር፣ የነጋዴ፣ የቤት እመቤትና የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው።

የቀጠሮው መራዘም ነገሩን ያባብሰዋል። ደህና የሆነ ተከታታይ የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ ይሄዳል፤ ለሥራው፣ ለኪሱ፣ ለክብሩ መልካም ነው፣ ማንም ይህን ወደ ኋላ ይመልስ አልልም። ነገር ግን በዓመት ሁለት ቀን ብቻ የሚታይ ሰው በእነዚያ ሁለት ቀናት ካልተመረመረ በሌላ ቀን አይመረመርም። መድኃኒት ሲጀምር አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የቂጥኝ ምርመራ ማድረግ የብዙ አገሮች ልምድ ነው፤ አዲስ ጓደኛ ላለው ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ ለታየበት ቶሎ ቶሎ ቢሆን ይመረጣል።

የራሴን ሙያ ጥፋትም ልናገር። ብዙ ላቦራቶሪ «ሪአክቲቭ» ብሎ ብቻ ጽፎ ይሸኛል፤ ቁጥሩን አይጽፍም። ቁጥሩ ካልተጻፈ ሰውየው ከሕክምናው በኋላ ይዳን አይዳን፣ ከዓመት በኋላም እንደ አዲስ ይያዝ አይያዝ ማንም ማወቅ አይችልም። የነጋዴው 1 ለ 128 በስድስተኛው ወር 1 ለ 16 ሆኖ ሳየው ሕክምናው እንደሠራ ያወቅሁት የመጀመሪያው ቁጥር ስለተጻፈ ነው። ኤች አይ ቪ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ ከታከሙም በኋላ ዝቅ ብሎ ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው «አልዳንሁም» ብሎ ሲሳቀቅ ይኖራል። በሌላ በኩል ደካማ ውጤት ሁሉ ቂጥኝ አይደለም፤ እርግዝና፣ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ ራሱ አርፒአርን ሊያሳስት ስለሚችል፣ በሌላ ዓይነት ምርመራ ሳይረጋገጥ በ1 ለ 2 ውጤት ባልና ሚስት መለያየት የለባቸውም። እንዲህ ሊለያዩ የደረሱ አይቻለሁ።

መድኃኒቱ ርካሽና አሮጌ ነው፦ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን። የልብ ችግር ያለባቸው ልጆች በየወሩ የሚወጉት መርፌ ነው። ዱቄቱ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል፣ መርፌ ይዘጋል፣ ያማል። ቂጥኙ በቅርብ የያዘው ሰው 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በአንድ ቀን፣ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ዳሌ ይወጋል፤ መቼ እንደያዘው የማይታወቅ ሰው ያንኑ በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይወጋል። የነጋዴው ሚስት ሦስቱንም ጨርሳለች። በተወጉ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል፤ ተሕዋሲው ሲሞት የሚሆን ነው እንጂ አለርጂ አይደለም፣ አስቀድሞ ካልተነገረ ግን ሰው ሁለተኛውን መርፌ ይፈራል። አንዳንድ ባለሙያም የፔኒሲሊንን አለርጂ በመፍራት መርፌውን ትቶ ኪኒን ያዛል፤ ጠይቆና የድንገተኛ መድኃኒት አዘጋጅቶ መውጋት የተሻለ ነው።

«አቅም የለም፣ ተጨማሪ ወጪ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በኅዳር መጨረሻ ሲለቀቁ ወደ ሥራ ስንመለስ ሮቴተር አልነበረንም። ካርዱን በሁለት እጃችን ይዘን ሰዓት እያየን ስምንት ስምንት ደቂቃ እያወዛወዝን ሠርተናል፤ ጣቶቻችን ይደነዝዙ ነበር። በዚያ ክፉ ቀን የተቻለ ነገር ዛሬ አይቻልም ማለት ይቸግረኛል።

ተጨማሪ መርፌም አያስፈልግም። ለቫይረስ መጠን ከተከታታዩ ክንድ የሚቀዳው ደም ሴንትሪፉጅ በሚባል ማሽከርከሪያ ሲዞር ፈሳሹ ከላይ ይንሳፈፋል፤ የሚፈለገው ያህል በትንሽ ቱቦ ተቀድቶ የቫይረስ መጠን ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ይላካል። ከዚያው ፈሳሽ ጥቂት ይተርፋል። ለአርፒአር የሚበቃው አንድ ጠብታ ነው። ያንን ትርፍ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ማስወገጃው ውስጥ የምጥለው እኔ ነኝ፤ የምጥለውም መጠየቂያው ላይ አንድ ምልክት ስለጎደለ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ
(ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ አሳውቄአለሁ፤ የተመርማሪዎቼ ማንነት በእኔ ስም በኩል እንዳይገመት በጋዜጣው ላይ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ።)